ስልኩ ያሳያል፤ የሚያረጋግጠው ተማሪው ነው

የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ተማሪን ማደናገር የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። ኩብን እንውሰድ። ስድስቱም ገጾቹ ካሬ ናቸው ይባላል፤ በተለመደው ሥዕል ግን ካሬ መስለው የሚታዩት የፊቱና የኋላው ብቻ ናቸው። የቀሩት ተንጋደዋል፤ 90 ዲግሪ የተባለው ማዕዘንም አንዱ ጋ ጠቦ ሌላው ጋ ሰፍቶ ይታያል። መምህሩ ዓይኑ ስለለመደው አይታወቀውም። ተማሪው ግን ወደ ትምህርቱ ከመግባቱ በፊት ሥዕሉን መፍታት አለበት። እዚህ ላይ የተሰናከለን ልጅ «ሒሳብ አይገባውም» ማለት ግፍ ነው።

ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለው ቴክኖሎጂ ይህን እንቅፋት ያነሳል። ስልኩ በካሜራው የሚያያቸውን ነጥቦች ከእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹ መረጃ ጋር አገናዝቦ የት እንዳለ ያሰላል፤ ኩቡንም ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ አስመስሎ ያሳያል። ተማሪው ዞሮ ከጀርባው ያየዋል፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ይመለከተዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሐነስ ካውፍማን በቪየና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለጂኦሜትሪ ትምህርት ኮንስትራክት 3ዲን ሲሠራ፣ ተማሪው በራሱ ላይ የሚያጠልቀው ማሳያ ያስፈልግ ነበር። አፕል በ2017 ኤአርኪት፣ ጉግል በ2018 ኤአርኮር የተባሉትን የኦግመንትድ ሪያሊቲ መተግበሪያ መሥሪያዎች ካወጡ ወዲህ ግን ነገሩ ኪስ ውስጥ ገባ። ማርከስ ሆሄንዋርተር በ2001 የጀመረው የሒሳብ ሶፍትዌር ጂኦጀብራም ይህን አገልግሎት በነፃ አቅርቧል።

ሆኖም ማየት የትምህርቱ ደጃፍ ነው። ሆላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየርና ዲና ቫን ሂሌ በ1957 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ተማሪ ቅርጽን መጀመሪያ በመልኩ ይለያል፤ ቀጥሎ ባሕርያቱን ይገነዘባል፤ ባሕርያቱን አያይዞ በምክንያት ማስረዳት የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። ስልክ የመጀመሪያውን ደረጃ ያቀላል፤ ያለ ጥሩ ጥያቄ ከቀረበ ደግሞ ተማሪውን እዚያው ያስቀረዋል።

ጥሩ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ላሳይ። «ኩብን አንድ ጊዜ ቀጥ አድርገን ብንቆርጠው፣ የተቆረጠው ፊት ምን ዓይነት ቅርጽ ይኖረዋል?» ተማሪዎቹ ስልክ ሳይነኩ ይገምቱ፤ ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይሳሉ። ከዚያ ስልኩ ይከፈት። ኩቡን የሚቆርጠው ጠለል (ጠፍጣፋው ንጣፍ) እያዘነበለ በስድስት ጠርዞች አጋማሽ ሲያልፍ፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ስድስት ይወጣል። ካሬ ብቻ የጠበቀ ተማሪ ግምቱን በዓይኑ ይፈትናል።

መምህሩ አሁን «ጎነ ሰባትስ?» ይበል። ተማሪው ጠለሉን ቀኑን ሙሉ ቢያዘነብል አያገኘውም፤ ግን አለማግኘት አለመኖሩን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ምክንያት ነው፦ ቆራጩ ጠለል በአንድ ገጽ ላይ ሊተው የሚችለው ከአንድ የማይበልጥ ጎን ነው፤ ኩቡ ያሉት ገጾች ስድስት ናቸው፤ ስለዚህ ሰባተኛ ጎን ከየትም አይመጣም። የጂኦሜትሪ ኃይሉ እዚህ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ካሜራ አይቀርጸውም።

በእኛ አገር ለሁሉም ተማሪ የሚዳረስ ስልክ የለም የሚለው ስጋት እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ስልክ ለአንድ ቡድን ይበቃል፤ እሱም በሌለበት በኩብ ቅርጽ የተጠረበ ድንችና ቢላ ያንኑ ጥያቄ ያስተናግዳሉ። ስለዚህ የትምህርት ኃላፊዎች መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት መምህራንን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲያዘጋጁ ያሠልጥኑ። የትምህርቱ ውጤት የሚለካው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው፦ ተማሪው ያየውን በእጁ ከሳለና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለጓደኛው ካስረዳ፣ ጂኦሜትሪ ተምሯል።