ባዶውን ክፍል ማን ያጸዳዋል?

የቅንጦት ሆቴሎች «በጃፓን ጥበብ ተቃኝተን ተሠራን» ማለት ከጀመሩ ወዲህ ድህነት ተወዷል። ቀልድ አይደለም። ለንደን መሃል ሦስት ሌሊት ባደርኩበት ሆቴል (መሥሪያ ቤቴ ባይከፍል ደጁንም አልረግጥ) ትራሱ ላይ የተቀመጠው ካርድ ስለ «ዋቢ ሳቢ» ይሰብካል። ክፍሉ ውስጥ ያለው፦ ከወለሉ እምብዛም ከፍ ያላለ ሰፊ አልጋ፣ አንድ አጭር ጠረጴዛ፣ ወረቀት የሚመስል ተንሸራታች በር፣ አንዲት ቅርንጫፍ የተሰካችበት ማሰሮ፣ ጥቁር ድንጋይ የለበሰ መታጠቢያ ቤት። በቃ። የቀረው ባዶ ነው። የዚህ ባዶ የአንድ ሌሊት ዋጋ እኔ ለምኖርባት ክፍል በወር ከምከፍለው ኪራይ ከግማሽ ይበልጣል።

እኛ ዘንድ ዋቢ ማለት ምስክር ነው፣ ተያዥ ነው። የጃፓኑ ዋቢ ሌላ ነው። ሥሩ ብቸኝነትን፣ መቸገርን፣ ማጣትን የሚናገር ቃል ነበር። የሻይ ሊቃውንቱ ናቸው ያንን የማጣት ቃል ወስደው የውበት ስም ያደረጉት። ከነሱ ሁሉ ስሙ የገነነው ሴን ኖ ሪኪዩ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ የገዢው የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የሻይ መምህር። የሱ እንደሆነች የሚነገርላት ታይአን የምትባል የሻይ ቤት ኪዮቶ አውራጃ ውስጥ እስከ ዛሬ ቆማለች። ስፋቷ ሁለት ታታሚ ብቻ ነው፤ አራት ካሬ ሜትር እንኳን አትሞላም። በሯ ከአንድ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በጉልበት ካልተዳኸ አይገባባትም። እንዲህ ባለ በር ሳሙራይ ሰይፉን ውጭ ትቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚገባው። ውስጥ ደግሞ ጌታ የለም፣ አሽከር የለም። ጋባዡ ራሱ ውሃ ያፈላል፣ ጣሳውን እንግዳው ዓይን ፊት ራሱ ያጥባል፣ ያደርቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የዚያች ክፍል ባዶነት እንግዳውን የሚያዝ ነገር አለው። ጎንበስ በል፣ ሰይፍህን አስቀምጥ፣ ዝም ብለህ የሰውን እጅ ሥራ ተመልከት ይላል። ሂዴዮሺ በበኩሉ ከቦታ ቦታ የምትጓጓዝ፣ ግድግዳዋ በወርቅ የተለበጠ የሻይ ክፍል አሠርቶ ነበር፤ በ1586 ቤተ መንግሥት ድረስ ወስዶ ለንጉሠ ነገሥቱ አሳይቶባታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሪኪዩን ራሱን እንዲገድል አዘዘው። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፣ እሱን ለታሪክ ሰዎች ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የዛሬዎቹ ሆቴሎች የሪኪዩን ስም እየጠሩ የሚያከራዩን የሂዴዮሺን ክፍል ነው፤ ወርቁን በእንጨት ቀለም ቀብተውት።

የሚጓጓዝ ክፍል ዛሬም አለ። በታዋቂው ወጥ ቤት በኖቡ ማትሱሂሳ ስም የተጠራው የመጀመሪያው ሆቴል በ2013 የተከፈተው ቶኪዮ እንዳይመስላችሁ። ላስ ቬጋስ ነው፣ ያውም በሮም ቄሣር ስም በተጠራ የቁማር ሆቴል ግቢ ውስጥ። ጃፓን ጠባብና ባዶ ክፍልን በርካሽ ማከራየትም ታውቅበታለች። በ1979 ኦሳካ ውስጥ አርክቴክቱ ኪሾ ኩሮካዋ የነደፈው የመጀመሪያው ካፕሱል ሆቴል ተከፈተ፤ የመጨረሻው ባቡር ላመለጠው ሠራተኛ የሚሆን፣ ሰው የሚጋደምበት ሳጥን። ያንን ግን የለንደን ካርድ ላይ ማንም አይጠቅሰውም። ማጣት የሚያምረው ምርጫ ሲሆን ብቻ ነው መሰለኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ኮሪደር ላይ በስልክ አማርኛ ሳወራ አንዲት ጋሪ የሚገፉ ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ። ስልኩን ዘግቼ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ» አልኳቸው። ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የመለሱልኝ፤ እንግዳ ፊት ብዙ መታየት አይወደድም አሉ። ሥራው እንዴት ነው ስላቸው እኔ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገሩኝ።

«ልጄ፣ እኔን የገደለኝ ይሄ ጥቁር ድንጋይ ነው። የውሃ ጠብታ ደርቆ ነጭ ምልክት ይተዋል። አንድ ፀጉር ከቀረ ከበር ላይ ይታያል። ዕቃ የሞላበት ክፍል እኮ ይሸፍንልሻል፤ ይሄ ምንም አይሸፍንልሽም።»

«አልጋውስ?»

ወገባቸውን ያዝ አደረጉ። «አልጋው መሬት ነው። በቀን አሥራ ሁለቴ ተንበርክኬ እነሳለሁ። ፍራሹ ደግሞ ክብደቱ!»

ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል እንደ መጀመሪያው ላየው አልቻልኩም። ካርዱ «ሰላም» የሚለው ነገር ጉልበት ነው። ባዶ ክፍል ባዶ ሆኖ የሚቆየው አንድ ሰው በየቀኑ እየገባ፣ የመግባቱን ምልክት ሁሉ እያጠፋ ስለሚወጣ ነው። ዲዛይነሩ ያንን አልጋ ዝቅ ሲያደርግ የእንግዳውን ዓይን አስቧል፤ አንሶላውን የምትወጥረውን ሴት ወገብ ግን አላሰበም። አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ፎቶው ላይ ያምር የነበረው መስመር ይበላሻላ!

«ጃፓንም እኮ ሠራተኛ አለ» የሚል ይመጣል። አለ፣ ያውም ሥራው ከባድ ነው። ርዮካን በሚባለው ባህላዊ ማደሪያ ናካይ የምትባለዋ አስተናጋጅ እራት ተሸክማ ትመጣለች፣ ታታሚው ላይ ተንበርክካ ታቀርባለች፤ ማታ ፍራሹ ከቁም ሳጥን ወጥቶ ይነጠፋል፣ ጠዋት ይነሳል። ያንን ገነት ነው አልልም፣ የጉልበቷ ሕመም ከኛዋ ሴትዮ ያነሰ ነውም አልልም። ግን ክፍሉ ውስጥ አለች። ፊቷን ታያለህ፣ ታመሰግናታለህ፣ በር ላይ ጫማህን አውልቀህ እንደገባህ ታውቃለች። የለንደኑ ሆቴል ከዚያ ሁሉ የወሰደው ተንሸራታቹን በር ብቻ ነው፤ እሱንም ሰውን ለመደበቅ።

ሌላው ደግሞ «ከፍለሽ ተኝተሻል፣ ምን አጨቃጨቀሽ? ውበትን ዝም ብሎ መውደድ አይቻልም?» ይለኛል። ይቻላል። እኔም ያንን ቅርንጫፍ ወድጄዋለሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ኢንስታግራም ላይ «ጃፓንዲ» ምናምን እያላችሁ ሳሎናችሁን የምታራቁቱትንም አልከስም፤ የራሳችሁን ወለል ራሳችሁ እስከወለወላችሁ ድረስ። ጠቤ ትሕትናን ስሙን ወስዶ ግዴታውን ከሚጥል ሻጭ ጋር ነው። ለጣሊያን እብነ በረድና ለክሪስታል ፋኖስ የሚያስከፍል ሆቴል ቢያንስ አይዋሽም፤ «ሀብታም ነህ፣ ተንደላቀቅ» ይልሃል። ይሄኛው ግን ተንደላቅቀህ ስታበቃ መናኝ ነህ ብሎ ያሞግስሃል።

የእውነት ጃፓንን ማምጣት የሚፈልግ ካለ ሚንሹኩን ያምጣ። ሚንሹኩ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ተራ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ብዙዎቹ ዘንድ እንግዳው ፍራሹን ራሱ ከቁም ሳጥን አውጥቶ ያነጥፋል፣ ጠዋት አጣጥፎ ይመልሳል፤ መታጠቢያው የጋራ ነው፣ ራትም የሚቀርበው የቤቱ ሰዎች ያበሰሉት ነው። ለንደን መሃል በዚያው ዋጋ ይከፈትና፣ በሩ ላይ «ፍራሽዎን ራስዎ ያንጥፉ» ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ የጃፓን ቀላልነት ነፍሴን ነካው የሚሉት ደንበኞች ስንቶቹ ቦታ እንደሚይዙ እንቁጠር።