አዲሱን የጨዋታ መሣሪያ ዛሬ እንግዛ ወይስ እንቈይ?



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን አስቀምጠው ወጣቶችን በጨዋታ ቍጥር የሚያስከፍሉ ክፍሎች እንግዳ መሆናቸው ቀርቷል። ልጆች ጌም ቤት ይሏቸዋል። በዚያ የተጫወተ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ «አባዬ፣ አዲሱ ወጥቷል፤ ለምን አንገዛም?» ማለቱ አይቀርም። በውጭ አገር የሚኖር አጎት ወይም እኅት የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ልመናው ባሕር ይሻገራል። ጨዋታው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ እናቈየዋለን። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው የቤተ ሰቡን ገንዘብ ነው፤ ይኸውም አዲስ መሣሪያ እንደ ወጣ መግዛት ይሻላል ወይስ መታገሥ የሚለውን ነው።

የአዊ ሰው የዚህን ነገር መሠረት ከማንም ሊማር አያስፈልገውም፤ ፈረስ መግዛት ያውቃልና። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ የሚጋልብ ሰው ፈረሱን በመልኩ ብቻ አልገዛውም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን አይቷል፤ ኮቴውን አንሥቶ መርምሯል፤ አስጋልቦ አረማመዱን ተመልክቷል፤ የማን እንደ ነበረም ጠይቋል። ያልተገራውን ውርንጭላ በተገራው ፈረስ ዋጋ የሚገዛ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅበታል። በወጣበት ቀን የሚሸጥ መሣሪያም ገና ያልተገራ ውርንጭላ ነው፤ ጠባዩን ሠሪው ራሱ እንኳ ጨርሶ አያውቀውም።

ለዚህ ምስክር አናጣም። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 የተባለውን መሣሪያ በኅዳር ወር 1998 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበ። ቀድመው ከገዙት ሰዎች የብዙዎቹ መሣሪያ በፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራት እያበራ መሥራቱን አቆመ። ኩባንያውም በሰኔ መጨረሻ 1999 ዓ.ም. ለዚህ ብልሽት የሚሰጠውን ዋስትና ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ፣ ለጥገናው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመመደብ ተገደደ። በአሜሪካ የሚኖር ገዢ የተበላሸውን ልኮ ማሠራት ቻለ። በዳንግላ ያለ ገዢ ግን ወዴት ይልካል? ዋስትናው መሣሪያው ከተሸጠበት አገር ባሕር ተሻግሮ አይመጣም።

ኒንቴንዶም በመጋቢት ወር 2003 ዓ.ም. 3ዲኤስ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ በአሜሪካ በ250 ዶላር ለገበያ አውጥቶ፣ አምስት ወር ሳይሞላ በነሐሴ ወደ 170 ዶላር አወረደው። ቀድመው የገዙትን ለማጽናናት 20 ቈየት ያሉ ጨዋታዎችን በነጻ ሰጣቸው፤ የ80 ዶላሩን ልዩነት ግን በእጃቸው አልመለሰላቸውም። ፕሌይስቴሽን 5 በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ደግሞ ወረርሽኙ በፈጠረው የዕቃ እጥረት ምክንያት ገበያው ጠብቦ፣ አትራፊዎች ከመደብር ገዝተው በብዙ ጭማሪ መልሰው ይሸጡት ነበር። የቸኰለ ሰው የከፈለው የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የችኰላውንም ዋጋ ነው።

ነገር ግን ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ወገን ማየት ይገባናል። በቀድሞው ጊዜ የታገሠ ሰው በርካሽ ይገዛ ነበር፤ በኅዳር 1999 ዓ.ም. በ500 እና በ600 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 በነሐሴ 2001 ዓ.ም. 300 ዶላር ገባ። ዛሬ ግን ይህ ልማድ ተናውጧል። በ500 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5፣ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በመርከስ ፈንታ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ 550 ዶላር ሆነ።

በእኛ አገር ደግሞ የብሩ ነገር ይጨመርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ በተተወ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ በባንኩ ሒሳብ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብ፣ 500 ዶላር የሚያወጣው ዕቃ ከ28 ሺህ 500 ብር ተነሥቶ ከ50 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ብሩን በሣጥን ቈልፎ የዋጋን መውረድ የሚጠብቅ ሰው ታገሠ አይባልም፤ ገንዘቡ በእጁ ሳለ ይቀልበታል።

ታዲያ መቸኰልም ማድባትም የሚጎዳ ከሆነ ምን ይሻላል? መልሱ የሚገኘው ልጆቻችን በእውነት የሚጫወቱትን በመመልከት ነው። በአብዛኛው የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ ሠሪዎች ደግሞ አሮጌውን መሣሪያ ፈጥነው አይተዉም። በ1992 ዓ.ም. ለወጣው ፕሌይስቴሽን 2፣ ከ13 ዓመት በኋላ በመስከረም 2006 ዓ.ም. ፊፋ 14 ተሠርቶለታል። ለፕሌይስቴሽን 3 እስከ ፊፋ 19 ድረስ፣ ማለትም እስከ መስከረም 2011 ዓ.ም.፣ አዲስ ጨዋታ ይወጣለት ነበር። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ለወጣው ፕሌይስቴሽን 4ም፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኤፍ ሲ 26 ወጥቶለታል። ሦስቱም ወደ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ አገለገሉ ማለት ነው። አዲሱን ያልገዛ ልጅ የቀረበት የሥዕሉ ጥራትና ፍጥነቱ ነው እንጂ ኳሱ አይደለም።

ስለዚህ የእኛ ምክር ይህ ነው፤ መጠበቅ የሚገባው የዋጋን መውረድ ሳይሆን የመሣሪያውን መፈተን ነው። አንድ መሣሪያ ከወጣ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቈይ፤ ጉድለቱ ይታወቅ፤ የከተማችን ጠጋኝ ከፍቶ ይየው፤ መለዋወጫውም ገበያ ይግባ። የተፈተነውን ለመግዛት ገንዘቡ በሞላ ጊዜ ግን ይገዛ እንጂ ሌላ ቅናሽ እየተጠበቀ ጊዜ አይባክን።

ይህ ጉዳይ ከቤተ ሰብ ይልቅ የሚከብደው በዕቁብና በብድር ጌም ቤት ለመክፈት በሚያስብ ወጣት ላይ ነው፤ ለእርሱ መሣሪያው መጫወቻ ሳይሆን እንጀራው ነውና። ለምሳሌ ያህል እናስላ፤ አንዱን መሣሪያ በ60 ሺህ ብር ገዝቶ፣ ኪራይና መብራት ከፍሎ በቀን 200 ብር ቢተርፈው፣ ዋጋውን የሚመልሰው በ300 የሥራ ቀን ነው። ያገለገለውን በ30 ሺህ ቢገዛና ያው 200 ብር ቢተርፈው በ150 ቀን ይመልሳል። በክረምት መብራት የሚጠፋበት ቀን ሁሉ በዚህ ቍጥር ላይ ይጨመራል። ደንበኛው ለአዲሱ መሣሪያ በአንድ ጨዋታ አብልጦ የሚከፍል ከሆነ፣ ወይም አጠገቡ ያለው ጌም ቤት አዲሱን አስገብቶ ደንበኛ የወሰደበት እንደ ሆነ፣ ቀድሞ መግዛት ሥራ እንጂ ችኰላ አይባልም። ያለዚያ ግን ባለዕዳ ሆኖ የሌላውን ዓይን ደስ ማሰኘት ነው።

ለመግዛት የወሰነ ሰው አራት ነገር ይመልከት። አንደኛ፣ ሲዲ የሚያነብበውን ይምረጥ። ሲዲ ከጓደኛ ይዋሳል፣ ይለዋወጣል፣ ተመልሶም ይሸጣል፤ ሲዲ የማያነብበው ግን ጨዋታውን ሁሉ ከኢንተርኔት ያመጣል፤ ይህም ኔትወርክ በሚቈራረጥበት ስፍራ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛ፣ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሳይቸኵል አንድ ሰዓት ያህል አስጫውቶ ይመልከት፤ መሣሪያው ከመጠን በላይ ቢግል፣ ወይም ጆይስቲኩ ሳይነኩት ተጫዋቹን ወደ አንድ ወገን ቢነዳ፣ ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ነውና ይተወው። ሦስተኛ፣ የስታብላይዘሩን ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ ያስብ፤ ኃይሉ ከፍና ዝቅ የሚል መብራት አዲስና አሮጌ አይለይም። አራተኛ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የሚለምን ቤተ ሰብ፣ ያ ዘመድ የሚከፍለው የሌሊት ሥራ ደመወዙን እንደ ሆነ አይርሳ፤ ፈተናውን ያለፈውን እንጂ ትናንት የወጣውን አይጠይቀው።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ «አይሆንም» ብቻ ብላችሁ አትሰናበቱት። ወረቀትና እርሳስ አምጡና ዋጋውን ከእርሱ ጋር አስሉ፤ የደብተሩንና የጫማውን ወጪ በአጠገቡ ጻፉለት፤ መቼና የትኛው እንደሚገዛ ቀን ቍረጡለት። ቀኑም ሲደርስ ቃላችሁን ጠብቁ። ምክንያቱን ዐውቆ የጠበቀ ልጅ አያኰርፍም፤ ነገ የራሱን ገንዘብ በያዘ ጊዜም በገበያ መካከል ጥርስ ሳያይ ፈረስ አይገዛም።