የሠራተኛው መዋጮ ለሠራተኛው ጥያቄ ይዋል

የሠራተኛ ማኅበር አቅም የሚለካው በአባላቱ ብዛትና ከደመወዛቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። አባሉ መዋጮው የት እንደሚውል ካላወቀ ከማኅበሩ ይርቃል፤ አባል የራቀው ማኅበር ደግሞ ከአሠሪም ሆነ ከመንግሥት ፊት ሲቀርብ ሰሚ ያጣል።

የኢትዮጵያ ሠራተኞች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ኮንፌዴሬሽን ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ መንግሥትን ለድርድር አስቀመጠ። ከጥያቄዎቹ መካከል የደመወዝ ወለልና የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይገኙበት ነበር። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የዴሞክራሲ መብቶች እንዲከበሩ ሲጠይቅ ግን ደርግ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደንግጎ መሪዎቹን አሰረ፤ በዚያው ዓመትም ማኅበሩን አፈረሰው። በ1969 ዓ.ም. የተተካው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በአባላት ቁጥር ከቀዳሚው ቢልቅም የመንግሥት ፖሊሲ ማስፈጸሚያ ከመሆን አላለፈም። በ1986 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) በዓመቱ ምዝገባው ተሰርዞ እንደገና የቆመው በ1989 ዓ.ም. ነው። የአባላት ብዛት ብቻውን ጉልበት አይሆንም፤ ጉልበት የሚሆነው ማኅበሩ የአባላቱ ሲሆን ነው።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፤ የሠራተኛ መዋጮ የየትኛውም ፓርቲ የምርጫ ማካሄጃ መሆን የለበትም። ይህ ማለት ግን ማኅበራት ከፖለቲካ ይራቁ ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ አዋጁ ከወጣ ከዓመታት በኋላም ወለሉ አልተወሰነም። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው ኢሠማኮ ለዓመታት ከወተወተ በኋላ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ጥናት ማስጠናት፣ የሕግ ባለሙያ ማቆምና ሕዝብ ማስረዳት ገንዘብ ይጠይቃል፤ መዋጮውም ሊውል የሚገባው ለዚህ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው ሕግ ለፖለቲካ የሚወጣ ገንዘብ በተለየ ቋት እንዲቀመጥ፣ አባላት ድምፅ እንዲሰጡበትና ያልፈለገ አባል ከመክፈል እንዲወጣ ደንግጓል። ከፓርቲ ጋር የተሳሰሩት የብሪታንያ ማኅበራት እንኳ ይህን ያህል ልጓም ካስፈለጋቸው፣ እዚህም ሒሳብን ለአባል በዝርዝር ማቅረብ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ያልተደራጀው ሠራተኛ ነው። በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ድረስ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ ጋራዥና ዳቦ ቤት ተደርድሯል። በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት አራት አምስት ልጆች ከመጋዝ ማሽን አጠገብ በቀን ሒሳብ ይሠራሉ፤ የደመወዝ ወረቀት የላቸውም፤ ጣት ቢቆረጥ ማን እንደሚያሳክም የተጻፈ ውል የለም። በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሠራተኛ ስለሚያስፈልግ እነዚህ ከደጅ የቀሩ ይመስላል። ይሁንና ሕጉ ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች አባላቱ ከ10 እስካላነሱ ድረስ ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ይህ በር ተከፍቶ ሳለ የሚገባበት ሰው አነስተኛ የሆነው ቀርቦ የሚያስረዳና ምዝገባውን የሚያግዝ በመጥፋቱ፣ ሠራተኛውም ነገ ወደ ሥራዬ አልመለስም ብሎ በመስጋቱ ነው።

በመሆኑም ኢሠማኮና ፌዴሬሽኖቹ ከመዋጮው የተወሰነውን ድርሻ በየክፍለ ከተማው ለማደራጃ ሥራ ሊመድቡ ይገባል። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች የጠቅላላ ማኅበራትን ምዝገባ ሳያጓትቱ ይፈጽሙ፤ በመደራጀቱ ምክንያት ሠራተኛ የሚያባርር አሠሪም በሕግ ይጠየቅ። መንግሥት የደመወዝ ቦርዱን ሥራ ያስጀምር። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየውን የደመወዝ ወለል ጥያቄ እዳር ለማድረስ የሚችለው፣ ሒሳቡ ግልጽ የሆነና ትንንሽ ሥራ ቤቶችን ጭምር ያቀፈ የሠራተኛ ማኅበር ነው።