ሳይጠይቁ ማየት

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ «ጠይቁ» ተብለናል። በእኛ በወረኢሉ አካባቢ የሸክላ ሠሪ ልጅ ግን እናቷን እያየች ነው የምትማረው። የተፈጨ ገል አፈሩ ላይ ስንት እንደሚጨመር፣ ጀበናው መቼ ለእሳት እንደሚደርስ ማን በቃል ይነግራታል? እጇ ነው የሚለምደው። ጃፓኖችም ይህን «ሚናራይ» ይሉታል፤ እያዩ መማር እንደማለት ነው። እነሱ ግን ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታላላቅ ሸክላ ሠሪዎቻቸውን በሕይወት እያሉ የአገር ቅርስ ብለው ይሰይማሉ። እኛ ዘንድ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ «ቡዳ» የሚል ሐሜት ዛሬም አልጠፋም። እኛም ስለ ሸክላ ስንዘግብ ስለ ሐሜቱ እንጠይቅና ሙያውን እንረሳለን። በእኔ አስተያየት መቅረጸ ድምፅ ከመደቀናችን በፊት ግማሽ ቀን ዝም ብለን አጠገቧ እንቀመጥ። ምን መጠየቅ እንዳለብን የሚገባን ያኔ ነው።