ሆርሞኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩት



ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት የሰፈራችን እናት ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ሳልላቸው ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው «ሲስተር፣ እስቲ ይህን እይልኝ፤ ልጄ ናት የላከችልኝ» አሉኝ። ልጃቸው ዐረብ አገር ለሥራ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። የእሷን ልጅ ያሳደጉት እኚሁ አያቱ ናቸው። አሁን 22 ዓመቱ ነው። ከአራት ወር በፊት ሕንፃ ላይ ልስን ሲሠራ ከመወጣጫው ወድቆ አከርካሪውን ተጎዳ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቤቱ ገባ፤ እግሮቹ ግን አልታዘዝ አሉት።

በስልኩ ላይ ያየሁት አጭር ቪዲዮ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይታያል፤ ቀጥሎ ያው ሰው ብረት ይዞ ይራመዳል። በመሃል አንድ ድምፅ «በሆርሞን ሕክምና ነው የተነሳው» ይላል። ልጅቷ ዕቁቧን አውጥታ ልትልክ ነው፤ የጎደለውን አያትየው ወርቃቸውን ሸጠው ሊሞሉ ነው። «ልሽጠው ወይስ ይቅር? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው» አሉኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። አልፈረድኩባቸውም። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ሆርሞን እና ሕብለ ሰረሰር

ሆርሞን ማለት በሰውነታችን ውስጥ ያሉ እጢዎችና ሌሎች አካላት ሠርተው በደም በኩል የሚልኩት መልእክተኛ ነው። ኢንሱሊን ከቆሽት ይወጣል። ኮርቲዞል ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ሁለት ትናንሽ እጢዎች ይወጣል። ደም እንዲመረት የሚያዝዘው ኤሪትሮፖይቲን ደግሞ በአብዛኛው ከኩላሊት ነው። ስለዚህ «የሆርሞን ሕክምና» አንድ መድኃኒት አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ሆርሞን?» ነው። ቪዲዮው ይህን እንኳ አይናገርም።

ሕብለ ሰረሰር በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሃል የሚያልፍ የነርቭ ገመድ ነው። ሰው ሲወድቅ ወይም መኪና ሲገለበጥበት ገመዱ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የመጀመሪያው አጥንቱ ሲጨፈልቀው የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ እሱ በቅጽበት ያልቃል። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት የሚመጣው እብጠት፣ የደም እጥረትና የሕዋሳት መሞት ነው። ሐኪሞች በሆርሞን ሊያቆሙት የሞከሩት ይህን ሁለተኛውን ነው። ልብ በሉ፤ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚሆነውን ነው። የእኚህ እናት ልጅ ከወደቀ አራት ወሩ ነው።

የተሞከረው ምን አመጣ?

ከሁሉ በላይ የተሞከረው የኮርቲዞል ወገን የሆነው ሜቲል ፕሬድኒሶሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ 487 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። በጠቅላላው ሲታይ ልዩነት አልተገኘም፤ ጉዳቱ በደረሰ በ8 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን የጀመሩት ለብቻ ሲታዩ ግን የተወሰነ መሻሻል አሳዩ ተባለ። መጠኑ ከባድ ነበር። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ብቻ 1800 ሚሊ ግራም ይሰጣል። አስም ለተነሳበት ሰው በቀን ከምንሰጠው 40 ሚሊ ግራም ገደማ ፕሬድኒሶሎን ጋር አስተያዩት።

ብዙ የዓለም ሆስፒታሎች ይህን ተቀብለው ዓመታት ሠሩበት። በኋላ ግን ጉዳቱ እየታየ መጣ፤ የጨጓራ መድማት፣ የሳንባ ምች፣ የቁስል መመርቀዝ፣ የስኳር መጨመር። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሌላ ጥናት ጭንቅላታቸውን የተጎዱ 10,008 ሰዎች ታዩ። ይኸው መድኃኒት ከተሰጣቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞቱት 21.1 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 17.9 በመቶ ሆነ። የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2013 መድኃኒቱ ለአከርካሪ ጉዳት እንዳይሰጥ መከሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ መመሪያ ደግሞ በ8 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ለ24 ሰዓት መስጠት እንደ አንድ አማራጭ ሊታይ ይችላል አለ። ከ8 ሰዓት በኋላ ግን እሱም አይመክርም።

የሴት ሆርሞኖች የሆኑት ፕሮጄስትሮንና ኤስትሮጅንም አሉ። በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ነርቭን ሲከላከሉ ታይተዋል። ነገር ግን ከአይጥ እስከ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው። ፕሮጄስትሮን ጭንቅላታቸውን ለተጎዱ ከ2000 በላይ ሰዎች በሁለት ትላልቅ ጥናቶች ተሰጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ሲወጣ ምንም ጥቅም አልተገኘበትም። ኤሪትሮፖይቲን በጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሯል፤ ደም የማርጋት አደጋ ስላለው ተኝቶ ለሚውል ሰው በተለይ ያሰጋል። የወንድ ሆርሞን ቴስቶስትሮን ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ ይቀንሳል። በደም ምርመራ ማነሱ ከተረጋገጠ ሐኪም ሊተካው ይችላል፤ ጡንቻን ይደግፋል። የተበጠሰ ገመድ ግን አይቀጥልም።

እኔም ያደረግሁት አለ

ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ፣ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ የወደቀ ገበሬ በቃሬዛ መጣ። ከወደቀ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከባድ የሆርሞን መጠን ስጪ ተባልኩ። የታዘዘው ስላልነበረ ያለውን ዴክሳሜታዞን ሰጠሁት። ሰዓቱ እንዳለፈ አውቅ ነበር፤ አልጠየቅሁም። በአምስተኛው ቀን ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ በዘጠነኛው ቀን ሳንባው መረቀዘ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፈ። መርፌው ብቻ ገደለው አልልም። ነገር ግን ሚስቱ «ያ መርፌ ጠቀመው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም አብራኝ አለች።

ዛሬ «ዴክሳ» ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዛ በየቤቱ ሲወጋ እሰማለሁ። ቀድሞውኑ አጥንቱ የሳሳውን ሰው አጥንቱን ይበልጥ ያሳሳል፤ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፤ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳን ይቀሰቅሳል። ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ደግሞ በገዛ ፈቃዱ በአንዴ ማቆም የለበትም፤ እጢው ሥራ ፈትቶ ስለሚቆይ ሰውነቱ ሊወድቅበት ይችላል። ወደ ሐኪም ሄዶ ቀስ በቀስ ይቀንስ።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውስ?

«ታዲያ ያ ሰውዬ እንዴት ተነሳ?» አሉኝ አያትየው። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአከርካሪ ጉዳት ሙሉ ወይም ከፊል ይሆናል። ከፊል ከሆነ፣ ማለትም ከጉዳቱ በታች እስከ መቀመጫው አካባቢ ድረስ የቀረ ስሜት ወይም እንቅስቃሴ ካለ፣ አብዛኛው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይመጣል፤ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። በእነዚያ ወራት መርፌ የተወጋም፣ ጠበል የጠጣም፣ ምንም ያላደረገም ሊሻሻል ይችላል። ምስጋናውን የሚወስደው ግን በመጨረሻ የተሰጠው ነገር ነው። ለዚህ ነው ከተወጉትና ካልተወጉት ማን እንደተሻለው ጎን ለጎን ሳይታይ አንድ ቪዲዮ ማስረጃ የማይሆነው።

ይህን ካልኩ በኋላ «ልጁን ልየው» ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። የእግሩን ጣት ስነካው «ይሰማኛል» አለ። በሆስፒታሉ ወረቀት ላይም ከፊል ጉዳት ተብሎ ተጽፏል። ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ጎኑ አገላብጠን ጀርባውን አየን። ከመቀመጫው በላይ፣ የጭራ አጥንቱ ላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቁስል ተከፍታለች። ማንም አላየም። እሱም በቦታው ስሜቱ ደካማ ስለሆነ አልተሰማውም። አያትየው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚገድለው የሆርሞን እጦት አይደለም። የመኝታ ቁስል፣ የሽንት ቧንቧ ምርቀዛ፣ የረጋ ደምና የሳንባ ምች ናቸው። እነዚህን መከላከል ደግሞ በእጃችን ነው፤

በአልጋ ላይ ያለውን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፤ ሌሊትም ጭምር፣ ተራ ገብታችሁ። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ክብደቱን ቶሎ ቶሎ ከመቀመጫው ላይ ያንሳ። ጠዋትና ማታ ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የጭራ አጥንቱን እዩ። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ይችላል፤ የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ፈልጉ። ካገኛችሁ በዚያ ጎን አታስተኙት፤ አትሹትም። ቆዳው ከተከፈተ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሽንቱ በቧንቧ የሚወጣ ከሆነ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትንኩት። አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። ጉዳቱ ደረቱ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታትና ከጉዳቱ በላይ ላብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደም ግፊቱ በጣም ሊያሻቅብ ይችላል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ የሽንት ቧንቧው ታጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፤ ካልተሻለው ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

አደጋው ዛሬ በዓይናችሁ ፊት ቢደርስ ደግሞ፣ የወደቀውን በብብቱና በእግሩ ይዛችሁ አታንሱ። አታስቀምጡት። ወጌሻ ጀርባውንና አንገቱን እንዳያሸው። ጭንቅላት፣ አንገትና ገላው በአንድ መስመር እንዳሉ ሰፊ ጣውላ ወይም በር ላይ አድርጉት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች የምታደርጉት ከየትኛውም ሆርሞን ይበልጣል።

የአያትየው ወርቅ አልተሸጠም። ከልጅቷ ዕቁብ ላይ ጥሩ ፍራሽና ትራስ ተገዛ፤ ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሦስት ቀን ተጀመረ። ልጅቷ ገና አልተዋጠላትም። ስደውልላት «ሲስተር፣ ተስፋዬን ወሰድሽብኝ» አለችኝ። «ልጄ፣ ተስፋሽ እግሩ ጣት ላይ አለ፤ ሳይመረቅዝ እንድረስለት» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ፍራሹ ስንት ወጣ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ትናንት ቁስሉን አየሁት፤ ጠርዙ ጠበብ ብሏል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያገላብጡት አያቱ ናቸው።

ቸር እንሰንብት።