ኩላሊቴ ቢታጠብ ለወንድሜ ይሆነዋል ወይ?

ደብዳቤው የመጣው ከእንሴኖ ነው። የጸሐፊው ታላቅ ወንድም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው፣ ለዲያሊሲስ ሲል አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ተቀምጧል። ታናሽየው «አንዱን ልስጠው» ብሎ ተነሣ። ሲመረመር የሱ ደም «ቢ»፣ የወንድሙ «ኦ» ሆኖ ተገኘ። «አይሆንም ተባልኩ። ስልኬ ላይ ግን ኩላሊት በመድኃኒት ታጥቦ የደም ዓይነቱ ይቀየራል የሚል አንብቤያለሁ። እስኪመጣ ብንጠብቅስ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ያነበብከው ውሸት አይደለም። የ«ቢ» ሰው ኩላሊት በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ የ«ቢ» ምልክት አለው። የ«ኦ» ሰው ደም ይህንን ሲያገኝ ጠላት መጣ ብሎ ይነሣበታል፤ ኩላሊቱ በሰዓታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። እ.አ.አ. በ2022 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ ሦስት ኩላሊቶችን ማሽን ላይ አድርገው፣ ምልክቱን እንደ መቀስ የሚቆርጥ ኢንዛይም አሳለፉባቸውና ወደ «ኦ» ቀየሯቸው። በ2025 ይፋ በሆነ ሥራ ደግሞ የካናዳና የቻይና ተመራማሪዎች እንዲህ የተለወጠ የ«ኤ» ኩላሊት፣ በቤተሰቡ ፈቃድ፣ አንጎሉ ለሞተ ሰው ተከሉ። ሁለት ቀን ደህና ቆየ። በሦስተኛው ቀን የተቆረጠው ምልክት መልሶ ብቅ አለ! እኔም ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ቀዘቀዝኩ።

ስለዚህ ወንድምህን በዚህ ተስፋ አታስቀምጠው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ መተኛት ምን እንደሆነ እሱ ያውቀዋል፤ ገንዘቡንም እናንተ ታውቁታላችሁ።

ደግሞ ደብዳቤህ ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «እህታችን ኦ ናት፤ ግን ስላላገባች እናታችን እንዳንነግራት አለች» ብለሃል። ዋናውን ነገር ጥግ ላይ ጣልከው እኮ! የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ንቅለ ተከላ የጀመረው እንዲህ ባለ የቅርብ ዘመድ ስጦታ ነው። ኩላሊት የሰጠች ሴት ታገባለች፣ ትወልዳለች። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት የመነሣት ዕድሏ ግን ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህንንም ሳትደብቁ ንገሯት። ደሟ መግጠሙም ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ብዙ ምርመራ አለ።

እናትህ ፊት አትጠይቃት። ሐኪሙ ዘንድ ለብቻዋ ትግባ፤ እምቢ ብትል ማንም ምክንያቷን እንዳይጠይቃት። መልሷን ሳትሰማ ደግሞ ለወንድምህ ምንም እንዳትነግረው።