ስለ ጓሮ ዱባና ስለ ጠላቶቹ

የመተማና የቋራ ቆላ ሰሊጥና ጥጥ በብዛት የሚመረትበት አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰሊጥ ተሽጦ ገንዘብ ይሆናል እንጂ ለቤተ ሰብ እራት አይበቃም። በ2015 ዓመተ ምሕረት በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል በገባ ጊዜ፥ የጠረፍ ገበያ ሳይታሰብ ሊታወክ እንደሚችል ታይቷል። ስለዚህ በየጓሮው ዱባ መትከል እንደ ትንሽ ነገር ሊቈጠር አይገባም።

ዱባ ሙቀት የሚወድ ተክል ነውና የቆላው ፀሓይ ይስማማዋል። ዝናም ሲይዝ ፍግ በተደባለቀበት ጉድጓድ ቢዘራ፥ በ3 ወይም በ4 ወር ይደርሳል። ልጡ ከጠነከረ በኋላ ከነአንገቱ የተቈረጠውም በጥላ ሥር ብዙ ሳምንት ይቈያል።

ከጠላቶቹ ሁሉ የምትብሰው ዝንብ ናት። እንቍላልዋን በለጋው ፍሬ ውስጥ ትጥላለች፤ ትሉም ውስጡን በልቶ ፍሬውን ካበሰበሰ በኋላ ወደ አፈር ገብቶ፥ ተመልሶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ የበሰበሰውን ፍሬ በጓሮ መተው ጠላትን መቀለብ ነው። በየቀኑ ለቅሞ ከአንድ ክንድ በሚጠልቅ ጉድጓድ መቅበር፥ ቅጠል የሚበሳውንም ጥንዚዛ በማለዳ በእጅ መልቀም ይገባል።

ለሰሊጥና ለጥጥ የተገዛውን መርዝ በዱባ ላይ የሚረጭ ግን ሁለት ጥፋት ያጠፋል። አንደኛ፥ የዱባ ፍሬውም ቅጠሉም የሚበላ ስለ ሆነ ቤተ ሰቡን ይጐዳል። ሁለተኛ፥ የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ የተለያዩ ናቸውና፥ በማለዳ ተከፍተው ሳሉ የሚያገናኛቸው ይልቁንም ንብ ነው፤ ንቡ በመርዝ ካለቀ ፍሬው ገና በለጋነቱ ይረግፋል።

ዝንብ አጥር አያግዳትም፤ አንዱ ሲቀብር ጎረቤቱ ቢተው ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሹማምንት የቀበሌው ሰው በኅብረት የሚለቅምበትን ቀን ይወስኑ፤ መርዝ ያለ መመሪያ እንዳይሸጥም ይቈጣጠሩ። ካህናትም በትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 4 የነቢዩን የጥላ ቅል ያደረቀው አንድ ትል መሆኑን ያውቃሉና፥ ይህን እያስታወሱ ሕዝቡን ቢመክሩ፥ በየደብሩም ቅጥር ዱባ ተክለው ቢያሳዩ፥ ምክሩ በሥራ ይጸናል። ትንሹን ጠላት በጊዜው ያልናቀ ሰው ጓዳው ባዶ አይሆንም።